ለሁለት ባህል የሙዚቃ ትምህርት የቱ ኡድ ይሻላል? ባለ 61.5 ሴንቲ ሜትሩ የአረብ ኡድ ሲፈተሽ

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የምዕራቡንም የአረቡንም ሙዚቃ አጨዋወት ጎን ለጎን ሊማር ለተሰናዳ ሰው ምክራችን አጭር ነው። የክሩ ርዝመት 61 ወይም 61.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በርኩማው (ክሩ የሚታሰርበት እንጨት) ፊቱ ላይ የተጣበቀ፣ ባለ 11 ክር የአረብ ኡድ ግዙ፤ ኡድ ገበቴው የጎበጠ፣ አንገቱ አጭር የሆነ የክር መሣሪያ ነው። በሰደፍ (በሚያብለጨልጭ የባሕር ዛጎል) ያጌጠ መሆኑ አያሳስባችሁ፤ የጌጡን ገንዘብ ለጥሩ ክርና መቃኛውንና የክሩን ከፍታ ለሚያስተካክል ባለሙያ አውሉት። የቱርኩም ኡድ፣ በርኩማው ተንቀሳቃሽ የሆነው የኢራቁም ኡድ የተከበሩ መሣሪያዎች ናቸው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን አንመርጣቸውም።

ምርጫውን የሚወስነው የትምህርቱ ባሕርይ ነው። ያው ኡድ ጠዋት ከቃኑን (ጭን ላይ የሚቀመጥ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ)፣ ከናይ (የሸንበቆ ዋሽንት)፣ ከቫዮሊንና ከሪቅ (ትንሽ ከበሮ) ጋር በተኽት ውስጥ ይቀመጣል፤ ተኽት ማለት ጥቂት ሰው ያለበት የአረብ የሙዚቃ ቡድን ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከፒያኖ ጎን ሆኖ፣ ላን በ440 ኸርዝ ቃኝቶ፣ ኖታ እያነበበ ይጫወታል። ሁሉም አገር እንዲህ አያስተምርም። ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ኮንሰርቫቶሪና የአረብ ሙዚቃ ከፍተኛ ኢንስቲትዩት በአንድ የሥነ ጥበባት አካዳሚ ሥር ቢሆኑም በራቸው ለየብቻ ነው። በቤሩት ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ፤ ፊልሃርሞኒክም አለው፣ የምሥራቅ አረብ ኦርኬስትራም አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 በቢርዜት ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቁሞ በኋላ በኤድዋርድ ሰኢድ ስም የተጠራው የፍልስጤም ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪም የሁለቱንም ወገን መሣሪያዎች ያስተምራል። እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ በኢየሩሳሌም የሙዚቃና የዳንስ አካዳሚ ውስጥ የምሥራቅ ሙዚቃ ክፍል አለ።

ሁለቱን ባህል በአንድ እጅ መያዝ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ባግዳድ ላይ የሙዚቃ ተቋም ሲከፈት እንዲያስተምር የተጠራው ሸሪፍ ሙህዲን ሃይደር ቼሎም ኡድም ተጫዋች ነበር። የቼሎውን የግራ እጅ ስልት ወደ ኡድ አምጥቶ ጀሚልና ሙኒር በሺርን የመሳሰሉ ሰዎች አፍርቷል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የኡድ የጣት ልምምድ ብዙው ሥሩ እዚያ ነው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። መጀመሪያ የሚለካው ከአንገቱ ጫፍ ካለው አጥንት እስከ በርኩማው ያለው የክር ርዝመት ነው። ያ አጥንት በአረብኛ ስሙ አፍንጫ ነው፤ እኛም እንዲሁ እንበለው። የአረብ ኡድ ከ60 እስከ 62 ይደርሳል፣ የቱርኩ 58.5 ገደማ ነው። ከዚያ የአንገቱን ርዝመት ለኩ። በትክክል የተሠራ ኡድ አንገቱ የክሩ ሲሶ ነው፦ ለ61.5 ክር 20.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለ58.5 ደግሞ 19.5። ይህ ከሆነ አንገትና ገበቴ የሚጋጠሙበት መስመር ላይ ክሩን ስትጫኑ ከባዶው ክር አምስተኛዋን ድምፅ ታገኛላችሁ፤ ከዶ ክር ሶል ትወጣለች። መጋጠሚያው ላይ ሶል ካልመጣች ወይ በርኩማው ያለ ቦታው ተለጥፏል፣ ወይ አንገቱ አጥሯል ወይ ረዝሟል። በርኩማን አንሥቶ መልሶ መለጠፍ ፊቱን ሊጎዳ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ኡድ ቅናሽ ቢደረግበትም አትውሰዱት።

ርዝመቱ ይህን ያህል የሚያሳስበን ኡድ ፍሬት፣ ማለትም እንደ ጊታር የድምፁን ቦታ የሚወስን የአንገት ላይ መስመር፣ ስለሌለው ነው። ባለ 61.5ቱ ኡድ ላይ የሬን ክር እንያዝ። ከአፍንጫው ስንለካ ሚ ቤሞል (በግማሽ ቶን የወረደችው ሚ) 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙሉዋ ሚ 6.7 ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለችው፣ ራስትና ባያቲ ለሚባሉት መቃሞች (የአረብ ሙዚቃ ቅኝቶች) መለያ የሆነችው፣ አረቦች ሲካህ የሚሏት ድምፅ በወረቀት ሂሳብ 5.1 ላይ ትውላለች። ግማሽ ቶንን 100 ሴንት ብለን ስንከፍለው እዚህ ቦታ ላይ 10 ሴንት ከጣት 3 ሚሊ ሜትር ጋር እኩል ነው። ጣት ትንሽ ስታዘነብል መቃሙ ይበላሻል ማለት ነው። ባለ 58.5 ኡድ ላይ ያቺው ድምፅ ወደ 4.85 ትሳባለች፤ በረጅሙ የለመደ ጣት ሳያስብ 5.1 ላይ ቢያርፍ በ8 ሴንት ያህል ከፍ ይላል። በግል ሲጫወቱ ጆሮ ይህን ያስተካክለዋል። ቃኑኑ አንድ ጊዜ ተቃኝቶ በቆመበት ተኽት ውስጥ ግን የተሳሳተው ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። መምህሩ በ61.5 እያሳየ ተማሪው በ58.5 ሲከተል አንድ ሙሉ ሴሚስተር በጣት ማረም ሊያልፍ ይችላል።

ሲካህ ራሷም አንድ ቦታ ቆማ አትጠብቅም። በራስት ውስጥ ከሂሳቡ ትንሽ ከፍ፣ በባያቲ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1932 ካይሮ ላይ በተካሄደው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ኦክታቩን በ24 እኩል ሩብ ቶን የመክፈሉ ሐሳብ ብዙ አከራክሮ ስምምነት ሳይገኝበት የቀረው ድምጿ እንዲህ ስለምትንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ አንገቱ ላይ ቴፕ ለጥፎ መለማመድን አንደግፍም። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ወፍራሙን የዶ ክር እየመታችሁ ድምፁ ሳይጠፋ የራስትን መነሻ ዶ፣ ሬ፣ ሲካህ፣ ፋ እያላችሁ ውጡ፤ ቀጥሎ ከሬ ተነሥታችሁ ባያቲን ውጡና ውረዱ፤ ሁለቱንም ቅዱና ሴንት በሚያሳይ ቱነር አስተያዩ። ቱነሩ ሲካህን አንዴ ሚ ብሎ 50 ሲቀንስ፣ አንዴ ሚ ቤሞል ብሎ 50 ሲጨምር ይወላውላል። ቱነሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ድምጿ በሁለቱ መካከል ስላለች ነው። ከቅጂው የምትፈልጉት የራስቷ ሲካህ ከባያቲዋ ከፍ ብላ መገኘቷን ነው። እኩል ከሆኑ ጣታችሁ አንድ ቦታ ብቻ ነው የለመደው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ኡድን ብዙዎቻችን ያወቅነው በሱዳን ዘፈን፣ በተለይም በመሐመድ ዋርዲ በኩል ነው። የሱዳን ዜማ በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ከትዝታ ጋር ይዛመዳል፤ ክራር የሚጫወት ሰው ኡድ አንሥቶ በጥቂት ቀን እንዲህ ያለውን ዜማ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን የመቃም ፈተና አይደለም። ሲካህ በትዝታ ውስጥ ስለሌለች ጆሮው ወደሚያውቃት ወደ ሙሉዋ ሚ ይጎትታታል። ከእኛ የሚሄዱ ተማሪዎች ራስትን መጀመሪያ በድምፃቸው እያዜሙ ቢለማመዱ፣ ከዚያ ወደ ክሩ ቢሄዱ በጣም ይረዳቸዋል።

ክር። የአረቡ ቅኝት ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ፋ፣ ዶ ነው፤ አምስቱ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ ወፍራሙ ዶ ብቻውን ነው። ቀጭኑ ዶ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ናይለን ሲሆን 61.5 ላይ ሲቃኝ 3.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይወጠራል። አስራ አንዱ ሲደመር በርኩማው ከ35 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ክር ሲገዙ ስህተት የሚበዛውም በውጥረት ነው። የቱርኩ ቅኝት በአንድ ሙሉ ቶን ከፍ ስለሚል ለአረብ ቅኝት የተሠራን ክር ባለ 61.5 ኡድ ላይ አስሮ ወደ ቱርኩ ቅኝት ማውጣት ውጥረቱን በ26 በመቶ ይጨምረዋል። ክሩ ባይበጠስ እንኳ በርኩማው ይነሳል፣ ወይም ፊቱ ከበርኩማው ፊት ለፊት ይሰረጉዳል። በተቃራኒው ያንኑ የአረብ ክር 58.5 ላይ አስሮ በዶ ቢቃኙት ውጥረቱ በ10 በመቶ ያህል ይወርድና ወፍራሙ ክር ይንዘፈዘፋል። ፒራሚድ፣ አኩይላ፣ ላ ቤላ ሁሉም የኡድ ክር ይሠራሉ፤ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ለየትኛው ቅኝት እንደሆነ አንብቡ።

ክር ሲቀየር ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈታም፤ ፊቱ ከለመደው ጫና ድንገት እንዳይላቀቅ አንድ ባንድ ይተካል። ናይለኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት እየተለጠጠ ስለሚወርድ ከፈተና በፊት ባለው ቀን አዲስ ክር አትሰሩ። የተጠመጠመው ክር ማለቁ የሚታወቀው ጥንዱ ባዶውን ተስማምቶ አንገቱ መሃል ላይ ሲጫኑት ሲለያይ ነው። ያን ጊዜ ጥንዱን አብራችሁ ቀይሩ።

የክሩ ከፍታ፣ ማለትም ክሩ ከአንገቱ የሚርቅበት ክፍተት፣ መጋጠሚያው ላይ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው። ከ4 ካለፈ እጅ ይደክማል፤ ክሩ ሲጫን ብዙ ስለሚሳብ ድምፁም ከፍ ይላል፤ ተማሪው ጆሮዬ ደካማ ነው ብሎ ያዝናል። አፍንጫው ላይ ክሩ ከወረቀት ብዙም የማይበልጥ ክፍተት ይበቃዋል። ርካሽ ኡዶች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እዚሁ ነው፤ አፍንጫው በቂ ስላልተሞረደ ሲካህና ሚ ቤሞል ላይ መጫን ይከብዳል። ደግነቱ ባለሙያ እዚያው ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ነው። አንገቱ ወደ ፊት በመታጠፉ የመጣ ከፍታ ግን በሙረዳ አይድንም።

መቃኛዎቹ ብዙ ጊዜ 12 ናቸው፤ እንጨት በእንጨት ተፋትጎ የሚይዝ እንጂ ጥርስ ያለው ማሽን የላቸውም። የሚንሸራተት መቃኛ መፍትሔው ጉልበት አይደለም። አውጡት፣ የሚያብለጨልጨውን ቀለበት እዩ። ሁለቱም ግድግዳ ላይ የሚነካ ከሆነ የቫዮሊን መቃኛ ቅባት፣ ካልሆነም ጠመኔና ደረቅ ሳሙና ተቀብቶ ይሠራል። አንድ በኩል ብቻ ካብለጨለጨ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗልና ባለሙያ ይሙላው። ክሩ ሲጠመጠም ወደ መቃኛው ራስ እየተጠጋ ይሂድ፤ ያኔ ውጥረቱ ራሱ መቃኛውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ወፍራሙን ዶ ስትቃኙ ቅንጥብ ቱነር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ በማይክሮፎን የሚሰማ ይሻላል።

በምዕራቡ ወገን ይህ ኡድ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። ኖታው በሶል ቁልፍ ይጻፋል፤ የሚሰማው ግን እንደ ጊታር በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው። ቲዎሪ ክፍል ውስጥ ይህን የረሳ ተማሪ የአኮርዱን አቀማመጥ ተገልብጦ ያገኘዋል። የወፍራሙ ዶ ድምፅ የቼሎ ዝቅተኛ ክር ድምፅ ስለሆነ ለቼሎ የተጻፈ ሥራ በራሱ ከፍታ ይቀመጥለታል። ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። ቼሎ በአምስተኛ፣ ኡድ በአብዛኛው በአራተኛ ስለሚቃኝ የጣት አጣጣሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ቀስት የሚያረዝመውን ድምፅ ደግሞ ኡድ ሊያቆየው ስለማይችል ረጃጅም ኖታዎች በሪሻ ትሬሞሎ (አንዱን ድምፅ በፍጥነት ደጋግሞ በመምታት) ይሞላሉ። ሪሻ ረጅም መምቻ ነው፤ በጊታር ፒክ አይተካም፤ የምቱን ክብደት የሚሰጠው የእጅ አንጓው ነውና። ስስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ጥሩ ሪሻ ይወጣዋል፤ ብዙ ተጫዋቾች ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ፒያኖ ብዙ ቦታ እንደ ሁለተኛ መሣሪያ ይጠየቃል፤ ሲካህ ግን የላትም። ያማሃና ኮርግ ሩብ ቶን የሚያወጡ ኪቦርዶች ስለሚሠሩ ለመቃም መለማመጃ ብትገዙ አይከፋም። 50 ሴንት ላይ ብቻ ካቆማችኋት ግን ጆሮ ያችን የደረቀች ድምፅ ይለምዳል። ማስተካከያው ላይ ለራስት ትንሽ ከፍ፣ ለባያቲ ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

አሁን ተፎካካሪዎቹ። የቱርኩ ኡድ ድምፁ የጠራና ፈጣን ነው፤ ለትንሽ እጅም ይመቻል። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ሥርዓት ነው፤ በቱርክ ኖታ ሬ ተብሎ የተጻፈው በዋናው ቅኝት ላ ሆኖ ይሰማል፤ የቤሞልና የዲየዝ (ድምፅን የማውረጃና የማውጫ) ምልክቶቹም ይለያሉ። ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ ማንበብ) እየተማረ ይህን የሚደርብ ተማሪ ሦስት ቋንቋ ባንድ ጊዜ መያዝ ይሆንበታል። ከኡድ ሠሪው ሙሐመድ ፋዲልና ከተጫዋቹ ሙኒር በሺር ስም ጋር የሚነሳው የኢራቁ ኡድ ክሮቹ በበርኩማው ላይ አልፈው ገበቴው ጭራ ላይ ይታሰራሉ። ድምፁ ይረዝማል፣ ቀጭኑ ክር እስከ ፋ ይወጣል፣ መድረክ ላይ ለብቻ ሲጫወቱበት ግሩም ነው። ነገር ግን በርኩማው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲንሸራተት ቅኝቱ ሁሉ ይዛባል፤ ጣቱ ገና ያልጸና ተማሪ ጥፋቱ የእጁ ይሁን የበርኩማው አይለይም። ለሦስተኛና ለአራተኛ ዓመት የምረቃ ዝግጅት ግን ቢያስቡበት ያዋጣል።

ቫዮሊን ለሚያጠኑ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የአረብ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሬ ተብሎ ይቃኛል፤ ላና ሚ በአንድ አንድ ቶን ይወርዳሉ። ክሩ አንድ አምስተኛ ያህል ውጥረቱን ስለሚያጣ በቀን ሁለቴ እያወረዱ ማውጣት ቅኝቱን ያለማቋረጥ ያንሸራትተዋል። ሁለተኛ ርካሽ ቫዮሊን መያዝ ይሻላል።

አያያዙ እንደ አገሩ ይለያያል። ለእንጨቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውጭው ቢወብቅም ኤሲው ክፍሉን ያደርቀዋል፤ ፊቱ ይሰረጉዳል፣ ክሩ ይወርዳል፣ መቃኛው ይላላል፣ ቀጥሎ በርኩማው አጠገብ ስንጥቅ ይመጣል። መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከቆዳ የተቀቀለው ሙጫ በሙቀት ይለሰልስና አንገቱ ይላቀቃል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ በወቅት ይገለባበጣል፤ በበጋ መቃኛው ይንሸራተታል፣ በክረምት ይነክሳል፣ ፊቱ አብጦ ክሩ ከፍ ይላል። ጠንካራ ሳጥንና ውስጡ የሚቀመጥ እርጥበት መለኪያ ከጌጥ ይቀድማሉ።

ሱቅ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ኡዱን ወደ ዓይናችሁ አንሥታችሁ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩ፤ ቀጥ ያለ ወይም በጣም በጥቂቱ የጎደጎደ ይሁን። ክሩንና አንገቱን ለኩ። መጋጠሚያው ላይ አምስተኛዋን፣ 30.75 ላይ ኦክታቩን ሞክሩ። ፊቱን በጣት ጫፍ እያንኳኳችሁ በዙሪያው ሂዱ፤ የሚያንዘረዝር ቦታ ካለ ውስጡ የተላቀቀ ማገር አለ። እያንዳንዱን መቃኛ ግማሽ ቶን አውርዳችሁ መልሱ፤ የሚዘል ካለ እንደ ጉድለት ቁጠሩት። በመጨረሻ ራስትን በዝግታ ከታች እስከ ላይ ተጫወቱ። መጫወት ካልቻላችሁ የሚጫወት ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት የመመለስ ዋስትና ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ መጋጠሚያው ላይ ያለውን የክር ከፍታ ጻፉት፤ ኡዱን በሙሉ ቅኝቱ ያለማላላት አስቀምጡትና በአስራ ሦስተኛው ቀን በዚያው መለኪያ ድገሙት። ክፍላችሁ ሳይወብቅ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ አንገቱ ወይም በርኩማው እየሸሸ ነው፤ በአስራ አራተኛው ቀን መልሱት።